የባቡሩ መንገድና የእማዬ ቅዳሜ

ልጅ ሆኜ የነበረችኝ ብስክሌት ማርሽ አልነበራትም። እማዬ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ አውጥቶ ከሚሸጥበት ከጋራዥ ሴል በርካሽ የገዛችልኝ፣ ኮርቻዋ የተቀደደ፣ ዝናብ ሲነካት የዛገ ብረት የምትሸት ቀይ ብስክሌት ነበረች። ሰሞኑን ልጄ ጋራዥ ውስጥ የራሱን ብስክሌት ሲያጥብ ያው ሽታ መጣብኝና ሥራዬን ትቼ ቁጭ አልኩ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው። እኔና እማዬ ሁለታችን ብቻ ካምቤል በምትባል ከተማ አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። ከአገር ስንወጣ ትንሽ ስለነበርኩ አማርኛውን እሰማለሁ እንጂ አፌ እምቢ ይለኛል። በአማርኛ ሲጠይቁኝ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ። በዚህ የተነሳ ትልልቆቹ እኔ ፊት ያሻቸውን ያወሩ ነበር። የማን ትዳር እንደፈረሰ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ቴሌቪዥን የማይ መስዬ አንዱም አያመልጠኝም። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እማዬ ሞቴል ልታጸዳ እንደወጣች፣ የአክስቷ ልጅ ጋሽ ከበደና ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ሳይደውሉ ከኦክላንድ መጡ። ጋሽ ከበደ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ቅዳሜን የሚያህል ቀን ሥራ ትተው የትም አይሄዱም። እማዬ መቼ ከሥራ እንደምትወጣ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። እትዬ አስቴር ግን ዓይናቸው ሶፋው ላይ ተጣጥፎ ከተቀመጠ ቡናማ ሹራብ ላይ ቀርቷል። እማዬ በሳምንቱ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጥታ ለእናቷ ልትልከው የገዛችው ነው።

«ለማን ሊሆን ነው እንግዲህ?» አሉና በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ጋሽ ከበደ ቆጣ አሉ። «ዝም በይ። ነገ በማለዳ ሰው ይዘን መጥተን እናረዳታለን። ዛሬ እህል ቀምሳ፣ ተኝታ ትደር።»

«ልጅቷስ?»

«እሷ ምን ትሰማለች ብለሽ ነው?» አሉና ራሴን ዳብሰውኝ ሄዱ።

አያቴ ሞታለች። እማዬ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ። የእማዬን ነገር ደግሞ አልነግራችሁም፤ ምሳ መብላት አለመብላቴን እንኳ ፊቴን አይታ የምታውቅ ሴት ናት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገብታ አንዴ ካየችኝ አለቀልኝ። መርዶውን ብቻዋን፣ በባዶ ሆዷ፣ ከእኔ ከልጇ ፊት ላይ ልታነበው ነው። ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ።

ከሰፈራችን ጀርባ ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ፣ ሐዲዱ ተነቅሎ ለእግረኛና ለብስክሌት የተተወ መንገድ ነበር። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ ሽቅብ እየወጣችሁ መሆኑን የምታውቁት እግራችሁ ሲዝል ብቻ ነው። መንገዱ ላይ ካለው ድልድይ አልፌ ሄጄ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አለፍኩት። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ያካፋል፣ ሰው የሚባል የለም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸታል። የአያቴን ፊት ለማስታወስ ብሞክር ሳሎናችን የተሰቀለው ፎቶ ብቻ ይመጣብኛል፤ እና ያለቀስኩት ለእሷ አልነበረም፣ ለእማዬ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞራ ሹራቡን የመረጠችበት ነገር አንጀቴን በላው።

አንድ ረዥም ሜዳ ላይ ስደርስ አንድ ነገር አደረግሁ። ቃሉ ከውስጤ ወጥቶ ይለቀኝ እንደሆነ ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። «እማዬ፣ እናትሽ ሞታለች።» በአማርኛ፣ ያውም ሳልንተባተብ። ከዚያ በኋላ ፈራሁ። አፌ መናገር ከቻለ ቤት ገብቼም ሊናገር ነው ብዬ ወደፊት ነዳሁ፣ መንገዱ በአጥር እስኪያልቅ ድረስ። ስመለስ ጎማዬ ተነፈሰ። ብስክሌቷን እየገፋሁ፣ በስብሼ፣ ቤት ስደርስ ሊመሽ ነበር።

ቤታችን በሰው ተሞልቷል። እማዬ ስታጣኝ ጋሽ ከበደ ጋ ደውላ፣ እሳቸውም ለነገ የቀጠሯቸውን ሰዎች ሁሉ ይዘው ከተፍ ብለዋል። በሩን ስከፍት እማዬ ዘልላ ያዘችኝ። በጥፊ አለችኝ፣ አቀፈችኝ፣ ደግማ መታችኝ። «ገደልሽኝ እኮ!» አለች። ከዚያ እየሳቀች፣ እንባዋን እየጠረገች፣ ወደ ሰዉ ዞራ «ተመስገን። እግዜር ክፉ አላሰማኝም» አለች።

አንድም ሰው አሜን አላለም። እትዬ አስቴር ወደ ማድ ቤት ገቡ። እማዬ ግን ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ካልበላችሁ አትሄዱም ብላ ድስት ጣደች፣ ሹራቡን አምጥታ «አይሞቃትም?» እያለች እያንዳንዱን ሰው አስዳሰሰች። በደንብ በላች። ጋሽ ከበደ ማዶ ተቀምጠው ፊቴን ሲያዩት ቆዩና ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «ሰምተሻል እንዴ?» አሉኝ። በአማርኛ «አዎ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው ለቀቁኝ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ እነዚያው ሰዎች በሩን አንኳኩ። እማዬ በፈገግታ ከፍታ «ምን ረስታችሁ ነው?» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር አልፈልግም። ሹራቡን እሷው ራሷ ለብሳ ሐዘን ተቀመጠች።

ድሮ ነገሩ ያስቆጣኝ ነበር። ትልቅ ሰው እንዴት እንዲህ ይታለላል እል ነበር። እማዬ በስተርጅናዋ አዲስ አበባ ገብታ ነበር፤ አምና አረፈች። እኔን ግን ማንም መጥቶ አላረዳኝም፤ ኦክላንድ፣ ሱቅ ውስጥ እንቁላል ይዤ ወረፋ ቆሜ ስልኬን ብከፍት አንድ የማላውቀው ዘመድ ፎቶዋን ከሻማ ጋር ለጥፎታል። ከሥሩ ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ብሏል። ዞር ብዬ ፊቱን የማውቀው ሰው ፈለግሁ፣ ማንም የለም። ገንዘብ ተቀባይዋ ቀጣይ እያለች ትጠራኛለች። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።