በሊዲያ ስም የጻፍኩት መልስ

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ... ቂርቆስ ቤተክርስቲያን በር ፊት ለፊት፣ አንዲት ሱቅ ጥግ ተደብቄ ፍቅረኛዬን እሰልል ነበር።

ፌስቡክ ገና በየስልኩ መግባት የጀመረበት ሰሞን ነው። ሊዲያን የተዋወቅኳትም እዚያው ላይ ነው። እኔ ካዛንቺስ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፣ እሷ ላንቻ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። በአራተኛው ወራችን ገደማ «ከወደድሽኝ ፓስወርድሽን ስጪኝ» አልኳት።

«ምን ልታደርግበት?»

«ምንም። የምትደብቂው ከሌለ ምን ቸገረሽ?»

ሰጠችኝ። እኔ የራሴን አልሰጠኋትም... እሷም አልጠየቀችኝም።

ከዚያ በኋላ በቃ፣ የምሳ ሰዓቴ የእሷን መልእክት ማንበቢያ ሆነ። «ሰላም ነሽ?» ያላት ወንድ ሁሉ ጠላቴ ነው። ፎቶዋን ላይክ ያደረገውን ሁሉ ገብቼ ማን እንደሆነ አጣራለሁ።

ሐሙስ ዕለት ቢኒያም ከሚባል ሰው አንድ መልእክት አገኘሁ። «ቅዳሜ አራት ሰዓት፣ ቂርቆስ በር ላይ። እናትሽ እንዳትሰማ። እስካይሽ ቸኩያለሁ።» ከዚያ በፊት የተጻጻፉትን ደግሞ አጥፍታዋለች! ወዲያው በእሷ ስም መለስኩለት። «አላውቅህም። ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ።» መልእክቱን አጠፋሁ፣ ሰውየውን ብሎክ አደረግኩት።

ለእሷ ምንም አልተነፈስኩም። ትሄድ እንደሆነ በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

መጣች። ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ... ለእኔ እንደዚያ ለብሳ አታውቅም። በእጇ ፖስታ ይዛለች። የፍቅር ደብዳቤ ነው አልኩ በልቤ። ወንድ ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች፣ እኔም «ይሄ ይሆን?» እያልኩ አንገቴን አሰግጋለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመች። እውነቴን ነው፣ ሰውየው ባለመምጣቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

በኋላ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። አላስቻለኝም፣ ሄድኩ።

«ማንን ነው የምትጠብቂው?»

እዚያ መገኘቴ እንኳ አልገረማትም። «ወንድሜን» አለችኝ። «በአባቴ ወንድሜ ነው። ሳንተያይ ነው ያደግነው። እናቴ ስሙ እንዲነሳ አትፈልግም፣ ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬለት ነበር... ዛሬ የመጀመሪያችን ነው። ስልኩ እንኳ የለኝም፣ ፌስቡክ ላይም ጠፋብኝ።»

ፖስታውን ከፈተችው። የአባታቸው ፎቶ ነው። ልጁ አንድም የአባቱ ፎቶ እንደሌለው ነግሯት ኖሯል።

ዝም ልል አስቤ ነበር፣ ግን ፎቶውን ሳይ ከአፌ አመለጠኝ። «ሊዲ... እኔ ነኝ።» የጻፍኩትን ቃል በቃል ነገርኳት።

አልጮኸችም። ዓይኔን አየችኝና «አላውቅህም ብለህ? በእኔ ስም?» አለች። ፎቶውን ወደ ፖስታው መልሳ ታክሲ ይዛ ሄደች። የዚያኑ ቀን ፓስወርዷን ቀየረች።

በማግስቱ ከራሴ አካውንት ለቢኒያም ሁሉንም ጻፍኩለት። በሦስተኛው ቀን «እሷ ካልጻፈችው ይበቃኛል» ብሎ መለሰልኝ። ኋላ እንደሰማሁት ተገናኙ። እኔና ሊዲያ ግን ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ተያይተን አናውቅም።

ዛሬ ባለትዳር ነኝ። የሚስቴ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲጮህ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ... ቅናቱ እንደሆነ አሁንም አለ።