ለሞጣ የላክሁት የጨዋታ ግብዣ

ወንድሜ ከዓመት በላይ ካኮረፈኝ በኋላ የላከልኝ የመጀመሪያ መልእክት ሰላምታ አልነበረውም። አንድ ሊንክ፣ ከሥሩም አንድ ቃል፦ «ተመዝገብ።» በቃ። እኔ የምሠራው ቢቸና ውስጥ ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ አትማለሁ፣ የተበላሸ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ያን ቀን አንዲት ሴትዮ የልጃቸውን የልደት ካርድ ኮፒ እየጠበቁ ነበር። እሳቸውን አቁሜ ያችን አንዲት ቃል ደጋግሜ አነበብኳት።

«ምነው ልጄ፣ ክፉ ወሬ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም እትዬ፣ የጨዋታ ነገር ነው» ብዬ ኮፒያቸውን ሰጠኋቸው።

ሊንኩ የሚወስደው ተሠርቶ ወዳላለቀ የኢንተርኔት ጨዋታ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው በያለበት ሆኖ አብሮ የሚጫወተው ዓይነት። ሠሪዎቹ ለሁሉም ሰው ከመክፈታቸው በፊት ጥቂት ሰው መርጠው ያስገባሉ፤ የተመረጠው እየተጫወተ ጉድለቱን ይነግራቸዋል። እኔና ወንድሜ ልጆች ሳለን በአንድ ኪቦርድ ላይ አራት እጅ ጭነን ስንጫወት ያደግን ነን። እሱ ፊት ፊት ይገባል፣ እኔ ከኋላ ሆኜ የቆሰለውን አክማለሁ። እሱ ሞጣ ሥራ ይዞ እኔ ቢቸና ከቀረሁ በኋላም የምንገናኘው እዚያው ነበር። ስልክ ደውለን እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ የምንባባል ወንድማማቾች አልነበርንም። ማዳመጫ ጆሯችን ላይ አድርገን «ከግራ መጣብህ» እየተባባልን፣ በመሀል በመሀል ነው የሆዳችንን የምናወራው።

ኩርፊያው የመጣው በአባታችን ቀብር ነው። አባታችን ያረፈው መንገዱ በተዘጋበት ሰሞን ነበር። የሞጣ ስልክ አይሠራም፣ በደብረ ወርቅ በኩል መኪና አያልፍም። አንድ ቀን ጠበቅነው። በማግሥቱ «ይቀበር» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ በአምስተኛው ቀን፣ ግማሹን መንገድ በእግሩ መጥቶ፣ ጫማው ተገንጥሎ ደረሰ። ድንኳን ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ «አባቴን ሳያሳየኝ ቀበረው» አለ። እኔም ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። «ታሞ ሳለ ብትመጣ በቁሙ ታየው ነበር» አልኩት። ሁለት ወር ሙሉ አባቴን ያገላበጥኩት ብቻዬን ነበርና ያልኩት ነገር ሐሰት አልነበረም። ባልናገረው ግን ይሻል ነበር። በማግሥቱ ተነሥቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም።

እናቴ ሽማግሌ ልትልክ ብዙ ሞከረች። ሽማግሌዎቹ እሺ ይላሉ፤ መንገዱ እንቢ ይላል። ስልኩም አንድ ሳምንት ሠርቶ ሦስት ሳምንት ይጠፋል። በሞባይል ኢንተርኔት የሚባል ነገር ከተረሳ ቆይቷል። እኔ ጋ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የገመድ መስመር አለው፣ እሱም መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አለው፤ መብራት ካለ ይሠራል። ስለዚህ ያችን «ተመዝገብ» የምትል ቃል ለእናቴ ስነግራት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አመሰገነች። ጨዋታው ምን እንደሆነ አልገባትም። የገባት ሁለታችን የምንገናኝበት ቦታ መኖሩ ነው።

ተመዘገብኩ። ቅጹ የኮምፒውተሬን ጉልበት ጠየቀኝ፣ የመስመሬን ፍጥነት ጠየቀኝ፤ በሁለቱም ዋሸሁ። የአገር ዝርዝሩ ላይ ኢትዮጵያ የለችም፣ ኬንያ ብዬ አለፍኩ። ስለ ጨዋታው ለማንም ትንፍሽ እንዳልል የሚያስፈርም ረጅም ውል ነበረው። ፈርሜ ማታውኑ ለእናቴ አንድ በአንድ ነገርኳት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ «ተመርጠዋል» የሚል ኢሜይል ከነመግቢያ ቁጥሩ መጣልኝ። በዚያው ቀን ከወንድሜ ሁለተኛው መልእክት ደረሰ፦ «እኔ አላለፍኩም። አንተስ?» «አለፍኩ» ብዬ መለስኩ። ደስ ያለኝ ጊዜ ነበር፤ አልደብቅም። ፈልጎ ያገኘው እሱ፣ የገባሁት እኔ።

የተመረጠ ሰው አንድ ጓደኛ የመጋበዝ መብት ነበረው። አንድ ብቻ። እሱም ይህን ያውቃል፣ ገጹ ላይ በትልቁ ተጽፏል። የወንድሜን አድራሻ አስገብቼ «ላክ» የሚለውን መጫን ብቻ ነበር የቀረኝ። አልተጫንኩም። ይጠይቀኝ አልኩ። «ላክልኝ» ይበል፤ አንዲት ቃል አይደለች? በሰው ፊት ያዋረደኝ እሱ ነው። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ግን ሌላ ነበር፦ መጀመሪያ ጨዋታው ወርዶ ይለቅ። መብራት በሄደ ቁጥር ማውረዱ እየተቋረጠ ስድስት ቀን ፈጀ።

እናቴ በየማታው ትጠይቀኛለች። «አስገባኸው?»

«ይጠይቀኝ እስኪ።»

«አንተ እኮ ነህ በሩ ላይ የቆምከው። ውጭ ያለው ሰው ምን ብሎ ይጠይቅህ?» አለችኝ በመጨረሻ፣ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ። «እኔ ስሞት ነው የምትነጋገሩት?»

በማግሥቱ ሰኞ ጠዋት ላክሁለት። ግብዣው ለሰባት ቀን ይቆያል፤ በሰባት ቀን ውስጥ ካልተከፈተ ይመለሳል። ከስሙ ጎን «በመጠበቅ ላይ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እኔ ብቻዬን ገባሁ። አንድ ትልቅ የድንጋይ በር አለ፣ ከበሩ ወዲያ ሜዳ፣ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች እየሮጡ በአጠገቤ ያልፋሉ። በሩ ሥር ቆሜ ጠበቅኩት። ያለ እሱ አንድ እርምጃ አልሄድም አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ልቤ ለስልሶ ነበር።

ማክሰኞ በመጠበቅ ላይ። ረቡዕ በመጠበቅ ላይ። በየሰዓቱ እከፍተዋለሁ። ሰው ማመልከቻ ሲነግረኝ መሀል ላይ አቋርጬ አያለሁ። ረቡዕ ከሰዓት ላይ መስመሩ ጠፍቶበት ይሆናል አልኩ። ሐሙስ ግን ቁጣዬ ተመለሰ። ሆን ብሎ ነው አልኩ፤ ለምኜው እንዲገባ ነው የሚፈልገው። ጻፍኩለት፦ «ግብዣውን ካልፈለግከው ንገረኝ፣ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።» ላክሁት። ለወንድሜ የጻፍኩለት የመጨረሻ ነገር ይህ ነው።

ከሐሙስ ጀምሮ ሰው ሁሉ ጥሩ ሆኖብኝ ነበር። የሱቁ ባለቤት፣ አምስት ደቂቃ ብዘገይ የሚነጫነጭ ሰውዬ፣ «ደክሞሃል፣ በጊዜ ግባ» ይለኛል። ከጎናችን ያለችው ሻይ ሻጭ ያላዘዝኩትን ሻይ አምጥታ አስቀምጣ ፊቴን ሳታይ ትሄዳለች። ነገሩ አልገባኝም። ሐሳቤ በሙሉ ከስሙ ጎን ያለችው ጽሑፍ ላይ ነበር።

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ የእድራችን ሰብሳቢ መጡ። ማመልከቻ ሊያስጽፉ መስሎኝ ወረቀት አዘጋጀሁ። የሱቁ ባለቤት ምንም ሳይባል በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። ያኔ አወቅኩ፤ ማን እንደሆነ ብቻ አላወቅኩም።

«ወንድምህ ነው» አሉኝ። «ትርፍ አንጀት ነው አሉ። እሑድ አመመው፣ ወደ ባሕር ዳር ሊወስዱት መንገዱ እስኪከፈት ጠበቁ። ማክሰኞ ንጋት ላይ አረፈ። እዚያው ሞጣ ቀበሩት። እናንተን ሊጠብቁ አልቻሉም ልጄ፤ አንተ ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው የለም።

መቼ እንደሰሙ ጠየቅኳቸው። ሐሙስ ጠዋት ነው፣ በእግር የመጣ ሰው ነገራቸው። ቢቸና ግማሹ ሰምቶ እኔ በቁጣ ስጽፍለት ውያለሁ ማለት ነው። አልተቀየምኳቸውም። መርዶ እንዲሁ አይነገርም፤ የቅርብ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሰው ይዘጋጃል፣ ንጋት ላይ ነው የሚነገረው። የእናቴ እህት ከደብረ ወርቅ እስክትደርስ ሲጠብቁ ነበር።

«እህታቸው ዛሬ ገብታለች፣ ከኛ ቤት እናሳድራታለን» አሉ። «እናትህን ነገ ጠዋት እንነግራቸዋለን። አንተን ቀድመን የነገርንህ ወንድ ነህ፣ ቤቱን ትይዛለህ ብለን ነው። አደራህን፣ ፊትህን እንዳያዩብህ። ዛሬ እራታቸውን ይብሉ፣ ይተኙ። ከነገ ጀምሮ እህል የሚቀምሱ አይመስለኝም።»

ፊቴን ታጠብኩ። ሱቁ በራፍ ላይ ቆሜ አየር ሳብኩ። ከዚያ ወደ ቤት ሄድኩ፤ እንዴት እንደሄድኩ ዛሬም አላስታውሰውም።

እናቴ እራት አቅርባ እንደ ወትሮው ጠየቀችኝ። «አስገባኸው?»

«ገባ» አልኩ።

እንጀራ የያዘው እጇ አየር ላይ ቀረ። «አወራችሁ?»

«አወራን።»

«ምን አለህ?»

የሰው አቤቱታ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባል ለሚስቱ የሚለውን፣ ተከሳሽ ለዳኛ የሚለውን አውቃለሁ፤ በሌላ ሰው አፍ መናገር እንጀራዬ ነው። ቃላቱ ሳልጠራቸው መጡ። «ይቅርታ አድርግልኝ አለኝ። በአባታችን ቀብር የተናገርኩህን እርሳልኝ፣ ንዴት ነው ያናገረኝ አለ። እማንም ይቅርታ በልልኝ፣ መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ አለ።» ከእሱ ለመስማት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩትን ነገር ሁሉ አስወራሁት። አፌ ላይ ጣፈጠኝ እንኳ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እናቴ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ «ተመስገን» ብላ መብላት ጀመረች። አንድ እንጀራ ጨረሰች። ለእኔም አጎረሰችኝ። በጊዜ ተኛች፤ እኔም ሰብሳቢው ያሉኝን ፈጸምኩ ብዬ ተጽናናሁ።

ንጋት ላይ መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ሲታዩ እናቴ ለጸሎት ተነሥታ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ሰብሳቢው ሲነግሯት ጮኸች፣ ደረቷን ደቃች፣ እህቷ አቅፋ ያዘቻት። ከዚያ በኋላ የሆነው በየቤቱ የሚሆነው ነው። ሰው ሁሉ «መርዶው በደንብ ተነገረ» አለ፤ እራቷን በልታ ማደሯን እያነሡ አመሰገኑኝ።

ከሳልስቱ በኋላ ሱቅ ገባሁ። ግብዣው ተመልሷል። «የጋበዙት ሰው አልተቀበለም። ሌላ ጓደኛ መጋበዝ ይችላሉ» ይላል። ጨዋታውን ከኮምፒውተሬ ላይ አጠፋሁት፤ ስድስት ቀን የወረደው በአንድ ደቂቃ ጠፋ። የመጫወት አምሮቴም አብሮ ሄደ።

ድንኳኑ በፈረሰበት ቀን እናቴና እኔ ብቻችንን ቀረን። የማክሰኞውን ቀን ሰዎች ስንት ጊዜ በፊቷ እንዳነሡት እያሰብኩ እፈራ ነበር። ማክሰኞ ያረፈ ሰው ዓርብ እንዴት እንዳወራ መጠየቋ አይቀርም። ሳትጠይቀኝ ልንገራት ብዬ «እማ፣ ያን ማታ ያልኩሽ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተወው» አለችኝ። «ያኔውኑ አውቄዋለሁ።»

«እንዴት?»

«ልጄ ከተወለደ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ለአባቱም አላለም፣ ለእኔም አላለም። ይቅርታ አለ ስትለኝ፣ በሕይወት እንደሌለ አወቅኩ።» ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። «እንጀራውን የጨረስኩት አንተ እያየኸኝ ስለሆነ ነው።»