ጠርሙሱ ላይ ያለው ክር

ስለ ሴትዮዋ ብዙ አውቃለሁ አልልም። ስማቸውን እንኳ ለመጠየቅ አፍሬ ቀርቻለሁ። አመሻሽ ላይ መናኸሪያ አጠገብ ካለው የእታፈራሁ አረቄ ቤት ብቅ ይሉና ከነጠላቸው ስር አሮጌ የሽሮፕ ጠርሙስ ያወጣሉ። ጠርሙሱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። እታፈራሁ እስከ ክሩ ትቀዳለች፤ እሳቸው ወደ ብርሃን አንስተው ያዩታል፤ ካለፈ ያስመልሳሉ።

ለእታፈራሁ ሲነግሯት እንደሰማሁት፣ አረቄው ከሰሜን ጦር ግንባር ለተመለሰው ልጃቸው ነው። ጭራሽ ሲከለክሉት ተንቀጥቅጦ ራሱን ስቶ ወደቀ። ስለዚህ ክሩን በየሳምንቱ ትንሽ ዝቅ እያደረጉ ሊያስተዉት ይሞክራሉ።

«እማማ፣ በእጅዎ መርዝ እያጠጡት እኮ ነው!» አላቸው አንድ ቀን የጋራዡ ባዬ፣ መለኪያውን እንደጨበጠ። «ቆርጦ መተው ነው እንጂ!»

«አንተ መቼ ቆረጥህ ልጄ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

እኔ ጥግ ይዤ ክሩን እከታተል ነበር። ከመስቀል እስከ ገና ከአንገቱ ወርዶ ወርዶ የጠርሙሱ ታች ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ለማንም ባልናገርም ደስ ይለኝ ነበር።

ትናንት ሲመጡ ክሩ ተመልሶ ጠርሙሱ አንገት ላይ ታስሮ ነበር። እታፈራሁ እስከዚያ ሞላችላቸው። ወደ ብርሃን አላነሱትም። በሩ ላይ ደረስኩባቸውና እንደምንም ደፍሬ፣

«እማማ፣ ልጅዎ እንዴት ሆነ?» አልኳቸው።

ክዳኑን አጠበቁ፤ ጠርሙሱን ነጠላቸው ስር ከተቱት።

«ደህና እደር ልጄ» ብለውኝ ወደ ታቦር ተራራ በኩል ሄዱ።