በጥቁር ጭቃ የተያዝንባቸው ሦስት ቀናት

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ናሆም አንድ ትልቅ ካርታ ጠቅልሎ ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ሰፈር ወዳለው ቤቴ መጣ። የግል አብራሪነት ትምህርት ከጀመረ አራት ወሩ ነው። «አክስቴ፣ ታብሌቱ ሁሉንም ራሱ ያሰላዋል እኮ» አለኝ፤ «ፈተናው ላይ ግን በእርሳስና በማስመሪያ ሥሩ ይሉናል። ይሄ የነፋሱ ነገር አልገባኝም።» የምሳውን ሳህኖች ገፋ አድርገን ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ከናይሮቢ ወደ ደቡብ አንድ መስመር አሰመርኩ። ያንን መስመር ከብዙ ዓመት በፊትም አስምሬው ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አባቴ መሃል ከተማ ምግብ ቤት ነበረው፤ የምንኖረው ግን ኢምባካሲ፣ አውሮፕላኖች ለማረፍ ዝቅ ሲሉ መስኮታችን የሚንቀጠቀጥበት ሰፈር ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ለኔ ያለው ፍቅር ሁሉ ወደ ጥበቃ ተለወጠ። ጠዋት ቢሮ፣ ከሰዓት የሒሳብ ኮሌጅ፣ ከዚያ ቤት። የምሳፈርበት ማታቱ፣ የናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ፣ ሩብ ሰዓት ከዘገየ ወንድሜ ፌርማታው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፣ እጁንም አንስቶብኝ አያውቅም። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ አንዳንድ ቀን ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር፤ መስኮት ከፍቼ እንኳ አይለቀኝም።

ኮሌጁን ከአንድ መንፈቅ በኋላ ተውኩት። ከሰዓት ከሰዓት የምሄደው ከተማው ዳር ወዳለችው የትናንሽ አውሮፕላኖች ማረፊያ ነበር፤ ደመወዜንም የምጨርሰው እዚያ ነው። ከጓደኛዬ ከሰናይት በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አስተማሪዬ ሚስተር ካማው ጡረታ የተቃረቡ፣ በሙቀትም ቢሆን ሹራብ የማያወልቁ፣ ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ኦቾሎኒ የሚይዙ ሰው ነበሩ። ማረፊያዋ ላይ ባለች ባለቆርቆሮ ጣሪያ ክፍል ውስጥ ካርታ ላይ መስመር ማስመር፣ አቅጣጫውን መለካት፣ ፍጥነትን በሰዓት መቁጠር አስተማሩኝ። ነፋሱን ሲያስረዱ ወንዝ የሚሻገር ዋናተኛን ነበር የሚያነሱት። ውኃው ከግራ የሚገፋህ ከሆነ ፊትህን ትንሽ ወደ ግራ አዙረህ ካልዋኘህ በቀር ያሰብክበት ዳር አትደርስም ይሉ ነበር።

የበልጉ ዝናብ በጀመረበት ወቅት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ወደ ደቡብ በረን ልንመለስ ተነሣን። ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ማለት ከግራዬ ነበር። እኔ ግን ያንን ዕለት አባቴ የኮሌጁን ውጤት ለማየት ፈልጎ ስለነበር ሐሳቤ ተበትኖ የአቅጣጫውን እርማት ወደ ግራ ማድረግ ሲገባኝ ወደ ቀኝ አደረግኩት። እናም ነፋሱ ወደ ምዕራብ ሲገፋን እኔም አግዤው በረርኩ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ የባቡር ሐዲዱን ማየት ነበረብኝ። አላየሁትም። ከታች ባዶ የወንዝ አሸዋ ብቻ ነበር። እኔ ግን ካርታው ላይ ካለው አንድ ወንዝ ጋር አዛመድኩትና «ይኸው፣ ትክክል ነን» አልኩ። ቀጥሎ ያለውን ኮረብታም እንዲሁ በግድ ካርታዬ ውስጥ አስገባሁት።  በኋላ ሚስተር ካማው ቀስ ብለው «ማየት የምትፈልጊውን ተዪው፤ የምታዪውን ንገሪኝ» አሉኝ።

«የት እንዳለን አላውቅም» አልኩ። ይህን ለማለት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ወደ ኋላ ስንዞር መንገዱ በደመና ተዘግቷል። በግራም በቀኝም ግራጫ ግድግዳ ወርዶ ተራሮቹን ዋጣቸው፤ ከኛ ሥር የቀረው ጠባብ ብርሃን ብቻ ነበር። ሚስተር ካማው መሪውን ተቀብለው አንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ያለች የአፈር ማረፊያ አገኙና አሳረፉን። «ጥፋቱ የሁለታችን ነው» አሉ ሞተሩን እያጠፉ። «ከመጀመሪያው አውቄ ነበር። ራስሽ እንድትደርሺበት ስጠብቅ ደመናውን ረሳሁት።»

ዝናቡ ሳይጀምር በላያችን ሌላ አውሮፕላን አለፈ። ሚስተር ካማው ለአብራሪው በሬዲዮ ደኅና መሆናችንን ነገሩት፤ ለናይሮቢ አስተላልፋለሁ አለ። ለቤተሰብ የሚደወልበት ቁጥርም ጠየቀ። ሚስተር ካማው የባለቤታቸውን ሰጡና ወደ እኔ ዞሩ። የቤታችንን ቁጥር ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ከዚያ አባቴ ስልኩን አንስቶ «ልጅዎ አውሮፕላን ውስጥ» ሲባል ታየኝና የሰናይትን ቁጥር ሰጠሁ። ለአባቴ የሚነገር አንድ ምክንያት ታበጅልኛለች ብዬ ነበር። አውሮፕላኑ ደመናው ውስጥ ገባና ድምፁ ተቆረጠ።

ዝናቡ ወረደ። ያ አገር አፈሩ ጥቁር ነው፤ ውኃ ሲነካው እንደ ሊጥ ይይዛል። በነጋታው የአውሮፕላኑ ጎማዎች እስከ ግማሽ ሰምጠው ነበር። የትምህርት ቤቷ መምህርት አንድ ክፍል ለቀቀችልን፤ ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ሱኩማ የሚሉትን ጎመን አመጣችልን፤ ጫማዬን ምድጃዋ ዳር አደረቀችልኝ። ስልክ የለም፣ መንገዱም ለመኪና አይሆንም። ሚስተር ካማው ጥቁር ሰሌዳው ላይ የነፋሱን ሥዕል ደጋግመው እየሠሩ ያስጠኑኝ ጀመር። በሦስት ቀን ውስጥ በአራት ወር ያልተማርኩትን ተማርኩ። በመሃል በመሃል ግን ተነሥቼ በር ላይ እቆምና ዝናቡን አያለሁ። ከአባቴ ቤት ለማምለጥ የመጣሁበት ነገር ከዚያ የባሰ ጠባብ ቦታ ውስጥ አስገባኝ፤ የማስበውም አባቴን ብቻ ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። የመንደሩ ሰዎች ድንጋይና ቅርንጫፍ ጎማዎቹ ሥር አነጠፉልን፤ ከሰዓት በኋላ ተነሥተን በረርን። አቅጣጫውን እኔ አሰላሁ። ናይሮቢ ባልኩት ደቂቃ ፊት ለፊታችን ብቅ አለች።

አባቴ የማረፊያዋ አጥር ጋ ቆሞ ነበር፤ የምግብ ቤቱን ሽርጥ እንኳ አላወለቀም። ነገሩን የሰማሁት በኋላ ነው። ሰናይት ናኩሩ ከተማ ሄዳ ነበርና መልእክቱ ከቤት ሠራተኛዋ ዘንድ ቀረ። አባቴ ሁለቱን ቀን ከሆስፒታል ሆስፒታል፣ ከፖሊስ ጣቢያ ፖሊስ ጣቢያ ሲዞር ሰንብቷል። አንድ አስከሬን አሳይተውት እኔ አለመሆኔን አይቶ ወጥቷል። ሰናይት የተመለሰችው ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ከመልእክቱ ጋር ሁሉንም ነገረችው።

ይጮኻል ብዬ ነበር። አልጮኸም። በጭቃ የተለወሰ ልብሴን አየና እንዲህ አለኝ፦

«ቁጥር ሲጠይቁሽ የኔን ረሳሽው?»

 ወደ ቤት እስክንደርስ ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ከዚያም በኋላ ጉዳዩን አላነሣውም። ለወራት ሰላምታችን ሁሉ በምግብ ዙሪያ ነበር፦ በላሽ፣ በላሁ። ወንድሜ ግን ፌርማታው ላይ መቆሙን ተወ። የፈተናዬ ቀን አባቴ መኪናውን አስነሥቶ በር ላይ ጠበቀኝና ሳይናገር አደረሰኝ። ፈቃዱን አገኘሁ፤ ጥቂት ዓመት በረርኩ፤ በኋላም ኢምባካሲ የጭነት በረራ መሥመር በሚያወጣ ቢሮ ውስጥ ዕድሜዬን ጨረስኩ።

ቅዳሜ ዕለት ናሆም ነፋሱን ተረድቶ ከሄደ በኋላ አባቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ከሰማንያ አልፏል፤ ከኔ ጋር ነው የሚኖረው። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ያኔ ቁጥሩን አልረሳሁትም ነበር» አልኩት።

የቱን ቁጥር ብሎ አልጠየቀኝም።

«አውቃለሁ» አለ። «ሲከነክነኝ የኖረው ሌላ ነው። ልጄ እንደዚያ የምትፈራኝ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።»

እጁን ያዝኩት። ከዚያን ዕለት ዝምታው ተነሥቼ ይቅርታ ያላደረገልኝ ሰው አድርጌ ስቆጥረው ኖሬያለሁ፤ እሱ ግን የከሰሰው ራሱን ኖሯል። ሁለታችንም አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ገበታ ላይ፣ እየተያየን ይህን ሁሉ ዓመት ተሳስተናል። አንድ ጊዜ ብናገረው ኖሮ ብዬ ማሰቡ አሁን ምንም አይጠቅመኝም። እስኪመሽ ድረስ አብሬው ተቀመጥኩ።