«ማዘርቦርዱ ሄዷል»

መምህርቷ ላፕቶፗን ገና ከማስቀመጧ ኮምፒውተር ጠጋኙ ፈረደበት። «ማዘርቦርዱ ሄዷል» አለ፣ ክዳኑን እንኳ ሳያነሳ። ሐኪም ይመስል ነጭ ጋዋን ለብሷል። ከእሷ በፊት የገቡትንም ሽማግሌ በዚችው ቃል ነበር የሸኛቸው። ይሄ አፈ ጮሌ፣ አለች በሆዷ፣ ደህናውን ሁሉ ሞተ እያለ ይኖራል።

«እስቲ እዚሁ ፍታልኝ ወንድሜ፤ ሚሞሪው ተላቆ ቢሆንስ?»

«ምን ይፈታል እህቴ? አለቀለት አልኩሽ እኮ።»

እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ካቻቪቴውን ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጫፉ ትንሿን ብሎን ስቶ ክዳኑን ጫረው። የእጁን አንጓ በሌላ እጁ ጨብጦ ደግሞ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ካቻቪቴውን ኪሱ ከተተና ፊቱን አዞረ።

«ማዘርቦርዱ ነው» አለ በለሆሳስ።

እጁን አይታ ልታዝንለት ቃጥቷት ነበር፤ አፉ ያንኑ መድገሙ ግን አላስችል አላት። ላፕቶፗን ብብቷ ስር ሸጉጣ ወጣች።