በቨርና ሣር ሥር ያለው ሽቦ

ሰውዬው ምሳውን እንደበላ ጓሮው ውስጥ ይንበረከካል። ክርኑ የተጣፈ የባሕር ኃይል ጃኬቱን እንደለበሰ ሣሩን በአካፋ ጫፍ ሰንጠቅ አድርጎ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይቀብርበታል፤ ስንጥቁንም በተረከዙ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ይገጥመዋል። ሽቦዎቹ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር ከሚነጋገርበት ከረጅሙ የሬዲዮ ምሰሶ እግር ተነስተው በየአቅጣጫው ይዘረጋሉ። በምዕራብ በኩል ግን አጥሩ ያግዳቸዋል። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሣር የቨርና ነው፤ ቨርና ደግሞ ሣሯን ድመት እንኳ አታስረግጥም። በአሜሪካ አዮዋ ያለው መንደራቸው ሁሉ ይህን ያውቃል።

«ጎረቤት፣ ሬሳ ነው እንዴ የሚቀብሩት?» አለችው አንድ ቀን።

«ሥር ነው እትዬ። ምሰሶ ሰማይ ቢነካ ሥር ከሌለው ዲዳ ነው።» ሲናገር ጣቱ የአጥሩን እንጨት መታ መታ ያደርጋል፤ እንደ ቴሌግራፍ አንዴ አጭር፣ አንዴ ረዘም።

«በእኔ በኩልስ?»

«በእርስዎ በኩልማ ሥር የለውም» አለና ወደ አካፋው ተመለሰ። መለመን የሚያውቅ ሰው አይደለም።

ቨርና ሦስት ቀን አኮረፈች። በአራተኛው መዶሻ ይዛ ወጣችና የገዛ አጥሯን ሁለት ጣውላ ነቀለች።

«ሣሬ ከጠወለገ ምሰሶዎን ነው የምነቅለው!»

ሽቦው በክፍተቱ አልፎ በሣሯ ሥር በተቀበረ ማግስት ማለዳ በሯ ተንኳኳ። ሰውዬው የጫማው ማሰሪያ እንደተፈታ ቆሟል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«የኒውዚላንድ ሰዎች ሰሙን!»

«እነማንን?» ብቻውን ነው የሚኖረው።

እሱም ጣቱን ወደ ሣሯ ቀሰረ።

ቨርና ሣሯን ቁልቁል አየችው። ከዚያ በሌሊት ልብሷ መንገድ ድረስ ወጥታ ፖስተኛውን ጮክ ብላ ጠራችው።

«ና ስማ! የኒውዚላንድ ሰዎች ሰሙን!»