ቀይዋ ዶሮና የነጯ ጫጩቶች

ባለፈው ሳምንት ሶዶ አውቶቡስ ተራ አንድ ሰው እናት የማያውቁ ጫጩቶች ባለቀዳዳ ካርቶን ውስጥ አድርጎ ሲሸጥ አየሁና ጎንበስ ብል፣ ያ የሞቀ ላባና የገለባ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበረው በጋ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ከገሱባ ወረድ ብሎ እንሰት የከበበው የሣር ጎጆ ነበር። እናቴን እንደ ወላይታ ልጅ ሁሉ «አዬ» እላታለሁ። አዬ የዶሮዎቿን ጠባይ እንደ ሰው ለይታ ታውቃለች፤ ቀይዋ ድምጿ ሲሻክርና የሆዷን ላባ ስትነጭ ማቀፍ እንዳማራት ይገባትና፣ በተሰበረ ገንቦ ውስጥ ገለባ ጎዝጉዛ እንቁላል ታስቀምጥላታለች። ቀይዋ ለመጫር ብቅ ስትል አውራው እንኳ መንገድ ይለቅላት ነበር፤ እኔም ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጣላ እንደሷ ተነፍቼ እንቋቋለሁ።

አንድ ጠዋት አዬ ገበያ እንደወጣች ነጯን ዶሮ ሸለምጥማጥ ከአጥር ሥር ወሰዳት። ከተፈለፈሉ ሦስት ቀን የሆናቸው አምስት ጫጩቶቿ ሲንጫጩ አላስችለኝ አለና በቀሚሴ ሰብስቤ፣ ገና ፈልፍላ ገንቦዋ ውስጥ ላለችው ለቀይዋ ወሰድኩላት። እናት ያው እናት ናት ብዬ ነው። የመጀመሪያውን ከፊቷ ሳስቀምጠው አየት አደረገችውና አናቱን አንዴ ወጋችው። እግሩ ተንፈራገጠ፤ ከዚያ ቀረ። የቀሩትን በቀሚሴ እንደያዝኩ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

አዬ ስትመለስ አርጩሜ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን የቀሩትን አራቱን ጉያዋ ውስጥ ከተተችና፣ «ዶሮ በቀን ሲሰጧት አትቀበልም፤ ይምሽ» አለችኝ። ሲመሻሽ አንድ በአንድ በቀይዋ ኋላ በኩል ከክንፏ ሥር አስገባቻቸው። በማግስቱ አራቱም ከቀይዋ ክንፍ ሥር፣ ገና ከፈለፈለቻቸው ጋር ተቀላቅለው አንገታቸውን ብቅ ብቅ ሲያደርጉ ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

የአባቴ እህት ቡናችንን ልትለቅም መጥታ ነበርና ይህን አይታ ከት ብላ ሳቀች። «አንቺንስ በምሽት አይደል ለእናትሽ ያስገባንላት? እስከዛሬም አላወቀችም!»

አዬ እዚያው ከኋላዋ በቆሎ እየፈለፈለች ነበር፤ እጇ ቆመ። አክስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን አየሁ።

አዬ ወደ ጭኗ ሳበችኝ። ትኩሳት ጥሏት ሳለ አራስ ልጇ መሞቷን፣ በዚያው ቀን አንዲት የሰፈራችን ሴት እኔን ወልዳ መሞቷን፣ አክስቴና ሌሎቹ ሴቶች እኔን አምጥተው በምሽት ከእሷ ጡት ሥር እንዳስገቡኝ ሳታለቅስ ነገረችኝ።

«አላወቀችም ይላሉ። ገና ሳቅፍሽ አውቄያለሁ፤ የኔ ቀላል ነበረች፣ አንቺ ከባድ ነበርሽ» አለችና ወደ በቆሎዋ ተመለሰች።

ያን ቀን ምግብ አልበላሁም። ለስንት ቀን ውሃ ላይ ጎንበስ እያልኩ ጆሮዬንና አፍንጫዬን ከእሷ ጋር አስተያየሁ፤ ማታ ማታ ግን እንደ ወትሮዬ ጀርባዋ ላይ ተለጥፌ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ስንኖር የወለደችኝን ሴት ስም አልጠየቅኋትም፤ መጠየቁ አዬን እናትነቷን መንጠቅ መስሎኝ ፈራሁ። አዬም አክስቴም ካለፉ በኋላ ነው ገሱባ ወርጄ በዕድሜ የሚበልጡኝን አንድ ሽማግሌ የጠየቅኩት። 

«በዚያ ዘመን ወልዳ የሞተች ብዙ ናት፤» አሉኝ፣ «የትኛዋን ነው የሚሉት?»